እ.ኤ.አ. በ2007 የተሠራ መልቲሚዲያ ላፕቶፕ፦ ከየት ልጀምር?

የመነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ እዚያ ስትገለገልበት የነበረውን ላፕቶፕ ትታልኝ ሄዳለች። በዘመኑ «መልቲሚዲያ» እየተባለ በውድ ዋጋ ይሸጥ የነበረ ዓይነት ነው። 15.4 ኢንች ስክሪን፣ ከኪቦርዱ በላይ ጣት ሲያርፍበት የሚበራ የድምፅ መቆጣጠሪያ፣ የዲቪዲ ማጫወቻ፣ የካሜራ ካርድ ማንበቢያ፣ ጎኑ ላይ የምትሸጎጥ ትንሽ ሪሞት ሳትቀር አለው። ፕሮሰሰሩ ኮር 2 ዱኦ፣ ራሙ 2 ጊጋ ባይት፣ ሃርድ ዲስኩ 160 ጊጋ ባይት ሲሆን የተጫነበት ዊንዶውስ ቪስታ ነው። ይበራል፤ ነገር ግን ተከፍቶ እስኪረጋጋ ድረስ አቦል ተጠጥቶ ቶና ይቀርባል።

እናቴ ዘንድ በካርቶን የተጠራቀሙ ቪሲዲዎችና ዲቪዲዎች አሉ፤ የቤተሰብ ሠርግ፣ መዝሙር፣ የድሮ ድራማ። በትንንሽ የካሜራ ካሴት እንደተቀረጹ የቀሩ ሠርጎችም አሉ። እነዚህን ማየትና ወደ ፍላሽ መገልበጥ፣ አልፎ አልፎም ዩቲዩብ መክፈት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

እስካሁን የተሰጡት መልሶች

(መልሱ እየበዛ ስለሄደና ዘግይቶ የሚገባው ሁሉ የተመለሰውን ደግሞ ስለሚጠይቅ፣ የተባለውን በተራ ቁጥሩ አሳጥሬ አስቀምጫለሁ። የራሴን አስተያየት ጣል ያደረግሁበት ቦታ አለ፤ ቅር የሚለው ካለ ይጻፍልኝ።)

1ኛው መልስ ሰጪ እንኳን ደስ አለህ ብሎ ከጀመረ በኋላ፣ የአሜሪካ ዕቃ በእኛ ኤሌክትሪክ ስለሚቃጠል ትራንስፎርመር ሳልገዛ እንዳልሰካው አስጠነቀቀኝ። 2ኛው በትሕትና አረመው። ቻርጀሩን ገልብጬ ጀርባው ላይ ያለውን ጥቃቅን ጽሑፍ እንዳነብ ነገረኝ። መግቢያው ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ፤ መውጫው 19 ቮልት፣ 4.74 አምፔር ይላል። እንዲህ የተጻፈበት ቻርጀር በ220 ቮልት ያለ ምንም ትራንስፎርመር ይሠራል። ከግድግዳው እስከ ቻርጀሩ ያለችውን ባለ ጠፍጣፋ እግር ገመድ ነቅሎ ባለ ክብ እግር ገመድ መተካት ይበቃል። ይኸው ሰው ቻርጀር ተበላሽቶ ሌላ ሲገዛ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ ደግሞ እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን እንዳለበት ጨመረ፤ ጫፉ ስለገባ ብቻ የሚገዛው ሰው ብዙ ነው አለ። 1ኛው ተመልሶ አመሰገነ። በዚህ ክር (የመድረኩ ውይይት ማለቴ ነው) ውስጥ ያለ ቁጣ ያለፈ የመጨረሻው እርማት ይህ ነበር ማለት ይቻላል።

3ኛው ባለ አንድ መስመር ነው። ጣለው፣ ስልክህ ከእርሱ ይሻላል አለ፤ ሄደም። (አልሄደም፤ ወደ ታች ደጋግመን እናገኘዋለን።)

4ኛዋ ከመምከሯ በፊት የጠየቀች የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ባትሪው አብጧል ወይ? ሲሠራ ታችኛው ክፍል ይግላል ወይ? አሮጌው ዲስክ ላይ የሚፈለግ ነገር አለ ወይ? በ5ኛው ላይ መለስኩላት። ባትሪው አላበጠም፣ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ እርሱም አብሮ ይጠፋል። ጭን ላይ ማስቀመጥ አይቻልም፣ ያቃጥላል። ዲስኩ ላይ ደግሞ የእህቴ ፎቶዎች አሉ። እርሷም ፎቶዎቹ ሁለት ቦታ ሳይገለበጡ ማሽኑን ማንም እንዳይነካው አዘዘችኝ። ትእዛዝ ነው የምለው አነጋገሯ እንደዚያ ስለነበረ ነው፤ ልክም ነበረች።

6ኛው በኮምፒውተር ጥገና የሚተዳደር ሰው ነው፤ ጽሑፉ ረዥም፣ ሥራ የሚያውቅ እጅ የጻፈው ነው። ዋናው በሽታ አቧራ ነው አለ። አቧራው ከውጭ አይታይም። ማራገቢያው አየሩን የሚገፋው በመዳብ ቱቦው ጫፍ ባሉት ቀጫጭን ክንፎች መካከል ነው፤ አቧራው የሚቆመውም እዚያው፣ በማራገቢያውና በክንፎቹ መካከል ነው። ስለዚህ በውጭ በኩል መንፋት ድፍኑን ወደ ውስጥ መመለስ ብቻ ይሆናል፤ ተፈትቶ በቁራጭ መልክ መነሳት አለበት። እስከዚያ ከተፈታ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀው ቅባት በአልኮል ተጠርጎ አዲስ ይቀባ፤ መጠኑም ከሩዝ ፍሬ አይበልጥ። የእኔን ወስጄ አስፈታሁት። የወጣው ድፍን የክንፎቹን መስመር ተከትሎ የተቆረጠ ግራጫ ጨርቅ ይመስል ነበር፤ የእህቴ ድመት ጸጉርም ነበረበት።

ቀጥሎ ስለ ኤስኤስዲ ጻፈ፤ በሃርድ ዲስኩ ፈንታ የሚገባ፣ የሚዞር ነገር የሌለው ፈጣን ማስቀመጫ ነው። ይህን መሰሉ ላፕቶፕ ሳታ የተባለው የዲስክ መግጠሚያ ስላለው ማንኛውንም ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ይቀበላል፤ ከዚያ የቀደሙት፣ አይዲኢ የተባለው መግጠሚያ ያላቸው ግን አይቀበሉም። አዲሶቹ 7 ሚሊ ሜትር፣ የድሮው ማስቀመጫ 9.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከሥሩ መደገፊያ ያስፈልጋል፤ አለዚያ መግጠሚያው ላይ ይወዛወዛል። የድሮው ሳታ ከኤስኤስዲው ፍጥነት ሁሉ ባይጠቀምም ልዩነቱ ገና ሲበራ ይታወቃል፤ ምክንያቱም በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞረው ዲስክ የሚያዘገየው በማንበብ ሳይሆን የተበታተነውን በመፈለግ ነው። ራሙ ዲዲአር2 የተባለው ዓይነት ነው፤ የዲዲአር3 መክተቻ ጥርሱ ሌላ ቦታ ስለሆነ በግድ መግፋት አያስፈልግም። 2 ባለ 2 ጊጋ ባይት ከተገኘ ወደ 4 ይደርሳል፤ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ግን ከዚያ ውስጥ የሚያየው ከ3 እስከ 3.5 ያህሉን ነው።

7ኛው ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ ተደምሮ ሲታይ የጃጀ በሬ ለማድለብ መድከም ነው ብሎ አላገጠ። ጥገና ባለሙያው ኤስኤስዲው ነገ ወደ ሌላ ማሽን ይዛወራል፣ በሬው ቢሞት ቀንበሩ ይቀራል ብሎ መለሰለት። እኔ ለባለሙያው ፈረድኩ።

ከ8 እስከ 12 ያለው የዊንዶውስና በነጻ የሚገኘው ተፎካካሪው የሊኑክስ ጦርነት ነው። ይህ ርዕስ በተነሳበት ሁሉ የሚሆነው ሆነ፤ የእናቴ ቪሲዲ ተረሳ። 8ኛው ቪስታን አትንካው አለ። የማይክሮሶፍት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 2017 ቢቋረጥም፣ ዲስክ ለማጫወት ኢንተርኔት ስለማያስፈልግ ከኔትወርክ ማለያየት ይበቃል የሚል ነው ሐሳቡ። ከአምስቱ በጥያቄዬ ላይ የቆየው እርሱ ብቻ ነበር። 9ኛው ዊንዶውስ 7 ቀላል ነው አለ። 10ኛው ቀበል አድርጎ የእርሱም ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 እንዳበቃ፣ ክሮምም ከ109ኛው ዕትም በኋላ እንደማይሠራበት አስታወሰው። 11ኛው ዊንዶውስ 11ን መስፈርቱን አልፎ መጫን ይቻላል፣ እኔ አሳይሃለሁ ብሎ ደረቱን ነፋ። 12ኛዋ አልታገሠችውም። መስፈርቱን ማለፍ የሚባለው ዘዴ ፕሮሰሰሩ የሌለውን ትእዛዝ እንደማይፈጥርለት፣ 24ኤች2 የተባለው የዊንዶውስ 11 ዕትም ኤስኤስኢ 4.2 የሚባለውን የፕሮሰሰር ትእዛዝ ስብስብ እንደሚጠይቅ፣ ኮር 2 ዱኦ ደግሞ ያ እንደሌለው ዘርዝራ ያልሞከሩትን መምከር ነውር ነው ብላ ዘጋችው። እስከዚያ «እርስዎ» ይባባሉ የነበሩት ሁለቱ ከዚህ በኋላ «አንተ» እና «አንቺ» ሆኑ።

12ኛዋ የመከረችው ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ሚንት፣ ኤክስኤፍሲኢ በሚባለው ቀላል ገጽታው ነው፤ የተከተልኩትም እርሷን ነው። ከተጫነ በኋላ ዋይፋዩ አልታይ ስላለኝ የሰጠችኝ ዘዴ ለሌላም ሰው ይጠቅማል። የዚያ ዘመን ብዙ ላፕቶፖች ብሮድኮም የተባለውን የዋይፋይ ካርድ የያዙ ናቸው፤ ድራይቨሩ ለብቻ ይወርዳል፤ ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። መውጫው ስልክን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ ዳታውን ለኮምፒውተሩ ማካፈል ነው። ከዚያ የድራይቨር ማቀናበሪያውን ከፍቶ የተጠቆመውን መምረጥ ብቻ ይቀራል። አሮጌውን ዲስክ ከነቪስታው አውጥቼ አስቀምጬዋለሁ፤ የ8ኛውም ምክር አልባከነም።

13ኛው የራሱን ችግር ይዞ ገባ። እርሱም አሮጌ ላፕቶፕ አለው፤ ዋይፋዩ ይሠራል፣ ነገር ግን የሚከፍተው ድረ ገጽ ሁሉ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም እያለ ይመልሰዋል። ቫይረስ ነው ብሎ ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደርጎታል። 14ኛው የማዘርቦርዷ ትንሽ ባትሪ ሞታ ይሆናል አለ። ሲአር2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ስትደክም ሰዓቱ ማሽኑ ወደተሠራበት ዘመን ይመለሳል፤ ድረ ገጾች የሚያሳዩት የደኅንነት ሰርተፍኬት መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ስላለው ኮምፒውተሩ አይቀበለውም። 13ኛው ባትሪዋን እንደቀየረ፣ ሰዓቱንም በገዛ እጁ እንዳስተካከለ መለሰ። ስንት ዓመተ ምሕረት ላይ? 2018 ላይ!

መድረኩ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ያስገባው ትክክለኛውን የኢትዮጵያ ዓመት ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን በግሪጎሪያን ስለሚቆጥር ሰርተፍኬቶቹ ሁሉ ገና ወደፊት የሚወለዱ ሆነውበታል። ሰዓቱንም ከጠዋቱ 3 ብሎ ሞልቶት ነበር። ሲያስተካክል ሁሉም ተከፈተለት። ከዚያ ስለ ዘመን አቆጣጠር ክርክር ተነሳ። የእኛ ነው ትክክል፣ የእነርሱ ነው የተሳሳተ እየተባለ ብዙ ስለተጻፈ አስተባባሪው ቁርጥራጮቹን ወደ ሌላ ክር አዛወራቸው። የፎርማቱን ዋጋ ሁለት ጊዜ የተቀበለው ሱቅ ቀኑን አንዴ እንኳ አለማየቱ ግን ከሳቁ በላይ ነው።

15ኛው ስለ ዩቲዩብ ነው። ዩቲዩብ አሁን ቪዲዮውን የሚልከው በአብዛኛው ቪፒ9 እና ኤቪ1 በተባሉ አጨማመቆች ነው። የ2007 ማሽን እነዚህን የሚፈታ የተለየ ክፍል ስለሌለው ሸክሙ ሁሉ በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፤ ምስሉ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው። ኤች264ኢፋይ የተባለች ትንሽ ተጨማሪ በፋየርፎክስ ላይ ብትጫን ዩቲዩብ የድሮውን ኤች.264 እንዲልክ ታስገድደዋለች፤ ጥራቱም 480 ላይ ይቀመጥ። ስክሪኑ 1280 በ800 ስለሆነ 1080 ቢመረጥም አያሳየውም። ሞክሬዋለሁ፤ ማራገቢያው ሲረጋጋ ይሰማል።

16ኛዋ ወደ ቪሲዲው መለሰችን፤ ዕድሜ ይስጣት። ቪሲዲ ሲከፈት ኤምፒኢጂኤቪ የሚል ፎልደር አለ፤ ውስጡ መጨረሻቸው «ዳት» የሆኑ ፋይሎች አሉ። ብዙ ሰው የማይከፈት ነገር መስሎት ይተዋቸዋል፤ ፊልሙ ግን እነርሱ ናቸው። ዊንዶውስ ላይ ወደ ፍላሽ ገልብጦ ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ መክፈት ነው፤ ሊኑክስ ላይ ግን በቀጥታ መገልበጡ ስሕተት ሊያሳይ ስለሚችል ለቪሲዲ በተሠራ ፕሮግራም ማውጣት ያስፈልጋል። ምስሉ በፓል (በእኛ አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት) 352 በ288 ነጥብ ስለሆነ ስክሪን ሞልቶ ሲዘረጋ ይደበዝዛል፤ ጥፋቱ የላፕቶፑ አይደለም። ስለ ዲቪዲም አስጠነቀቀች። የፊልም ዲቪዲ የሚሸጠው ዓለምን በክልል ከፋፍሎ ነው፤ ከአሜሪካ የመጣ ማጫወቻ ለክልል 1 የተሞላ ነው፤ ኢትዮጵያ ያለችው በክልል 5 ውስጥ ነው። የተለየ ክልል ዲስክ ሲገባ ልቀይር ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ መቀየር የሚቻለው 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ በመጨረሻው ላይ እስከ ወዲያኛው ይቆለፋል። ሠርግ የተቀዳበት ዲስክ የክልል ገደብ ስለማይኖረው ምንም መንካት አያስፈልግም።

17ኛው የተጫረ ዲስክ በጥርስ ሳሙና ይታሻል አለ። 18ኛው እንዲህ ዓይነቱን ምክር የሚሰጥ ሰው ዲስኩን ከነትዝታው ይግዛ ብሎ ተቆጣ። ሠርግ የተቀዳበት ዲስክ ፋብሪካ የታተመ ሳይሆን በቀለም ንብርብር ላይ በጨረር የተጻፈ ነው፤ ብርሃንና ሙቀት ያበላሸዋል። ስለዚህ በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ መጥረግ፣ በክብ አለማሸት፣ የተነበበውን ዛሬውኑ መገልበጥ ነው። ቁጣው በዛ እንጂ ምክሩ ትክክል ነው።

ለእኔ ይህን ክር ያከበረው 19ኛው ነው። በአንድ ወቅት ሠርግ እየቀረጹ ይተዳደሩ የነበሩ ጋሼ ናቸው። ስለ ራምም ስለ ዊንዶውስም አንድ ቃል አልጻፉም። የላፕቶፑን ግራ ጎን እንዳየው፣ ከዩኤስቢው አጠገብ ከእርሱ ያነሰች፣ «1394» የተጻፈባት ቀዳዳ መኖሯን እንድነግራቸው ብቻ ጠየቁ። አየሁ፤ አለች። አቧራ ደፍኗት ነበር።

ፋየርዋየር የምትባለው ይህች ናት። የሚኒ ዲቪ ካሴት (የእናቴ ትንንሽ የካሜራ ካሴቶች እነዚህ ናቸው) ላይ ያለው ምስል ዲጂታል ስለሆነ በእርሷ በኩል ሲወጣ ከካሴቱ ምንም ሳይቀነስ ይገለበጣል። የካሜራው የዩኤስቢ ቀዳዳ በብዙዎቹ ላይ ፎቶ ወይም የተዳከመ ቪዲዮ ከማውጣት አያልፍም። አዲስ ላፕቶፖች ፋየርዋየር የላቸውም፤ እኔ የማፍርበት ማሽን አዲሱ የማይሠራውን ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ሁላችንም ስንከራከር የነበረው ደካማ ኮምፒውተርን እንዴት እንደምናበረታ ነበር፤ ጋሼ ግን ያዩት ጎኑ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ነው።

አሠራሩንም በዝርዝር ጻፉ። ገመዱ በሁለቱም ጫፍ ባለ 4 እግር ይሁን። ባለ 6 እግሩ ኤሌክትሪክ ስለሚሸከም ተገልብጦ በግድ ከገባ ካሜራውን ይገድላል። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይፈጃል፣ ማፍጠኛ የለውም፤ ለአንድ ሰዓት ወደ 13 ጊጋ ባይት ቦታ ይፈልጋል። ሊኑክስ ላይ ዲቪግራብ የሚባል ፕሮግራም አለ። በሚገለበጥበት ጊዜ ዩቲዩብ መክፈት ክልክል ነው፤ ምስል ይዘላል። ካሴቱ ብዙ ዓመት ከተቀመጠ አስቀድሞ እስከ መጨረሻው አጠንጥኖ መመለስ፣ ካሜራውንም መብራት ቢጠፋ እንዳይቆም በባትሪው ጭምር መያዝ ጥሩ ነው። ሲጨርሱ ወደ ኤምፒ4 ይጨመቅ፤ በዚህ ፕሮሰሰር ሌሊቱን ሊፈጅ ስለሚችል ማታ ማስጀመር ነው። ሰው ሲንቀሳቀስ አግድም መስመሮች እንዳይታዩ ዲኢንተርሌስ የሚለው ይመረጥ። የመጀመሪያው ጥሬ ፋይል ግን አይጣል።

20ኛው የእኛው 3ኛ ነው። ሠርጉ በቪሲዲ ካለ ካሴቱ ምን ያደርጋል፣ ካልሆነም ቴሌቪዥኑን በስልክ መቅረጽ ነው አለ። ጋሼ በ21ኛው ላይ በጨዋ ደንብ ጀምረው በስለት ጨረሱ። የካሴቱ ምስል 720 በ576፣ የቪሲዲው 352 በ288 ነው፤ ቪሲዲው ከሙሽራዋ ሩቡን ነው ያስቀረው አሉ። ቴሌቪዥን በስልክ የሚቀርጽ ደግሞ የዕጣኑን ጭስ ፎቶ አንስቶ መዓዛ የሚጠብቅ ሰው ነው። 3ኛው መልስ አላጣም፤ እኔ ግን ጨዋነት የጎደለው ስለሆነ አላሰፍረውም።

22ኛው ከርዕስ ወጥቶ በድሮ የአማርኛ ፊደል የተጻፉ ሰነዶቹ በምልክት ተሞልተው እንደሚታዩት ጠየቀ። ሌላ ሰው ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፊደል ይዞ የመጣ ስለሆነ በዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች በሚጋሩት የፊደል አሰያየም) የተጻፈ እንደሚታየው፣ ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈው ግን ያንኑ ፊደል እንደሚፈልግ መለሰለት። 23ኛው ስክሪኑ ለጠቆረበት ላፕቶፑ ማዘርቦርዱን ምድጃ ውስጥ እንደጋገረው በኩራት ተረከ። ጥገና ባለሙያው ተመልሶ ይህ ዘዴ የተስፋፋው ከ2008 ወዲህ እንደሆነ አስረዳ። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 ለተበላሹ የላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፖቹ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር መመደቡን አስታውቆ ነበር። ጋግሮ ማስነሳት ጥቂት ጊዜ ቢሠራም ተመልሶ ይሞታል፤ እንጀራ በሚበላበት ቤት ምድጃ ውስጥ ፕላስቲክና ብየዳ ማጋል ደግሞ ዕብደት ነው ብሎ ደመደመ። 23ኛው ተቀየመ።

24ኛው የእኔ ነው። ኤስኤስዲው ገብቷል፣ ሚንት ይሠራል፣ ቪሲዲዎቹን ወደ ፍላሽ ገልብጬ እናቴ እያየቻቸው ነው። ባለ 4 እግሩን ገመድ መርካቶ አንድ የድሮ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ አገኘሁ። የጎደለኝ ካሜራው ነው፤ ካሴቶቹ የተቀረጹበት ከጠፋ ቆይቷል። ሚኒ ዲቪ የሚያጫውት፣ የፓል የሆነ፣ ማንበቢያው ያልቆሸሸ ካሜራ የሚያከራይ ወይም የሚያውስ አዲስ አበባ ውስጥ ካለ ከዚህ በታች ይጻፍልኝ። ቀረጻው ባይሠራም ግድ የለኝም፤ ካሴት አስገብቶ ማጫወቱና ዲቪ የምትለዋ መውጫ መኖሯ ይበቃል። 3ኛው መልስ ሰጪም ካሜራ ካለው ቂም አልያዝኩም።